ስለ አባላት የአድራሻ መዝገብና ስለ ኮምፒውተሩ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የሥራ አመራር ኮሚቴው ስለ አድራሻ መዝገባችን ጥቂት ቃል እንዳሰማ ስላዘዘኝ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። እኔ የኮምፒውተር ሊቅ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጬ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የዚህንም እድር መዝገብ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የያዝኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ስለ መዝገብ መናገር አያሳፍረኝም።

ዱሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሰው ሲሞት ለፋፊው ገና ሳይነጋ ጡሩምባውን ይዞ በየመንደሩ ይዞራል፤ እገሌ አርፈዋልና ለቀብር ውጡ ብሎ ይለፍፋል፤ አለቀ። አድራሻ ማለት የጡሩምባው ድምፅ የሚደርስበት ቦታ ነበር። ዛሬ ግን እንደምታውቁት ብዙው አባል ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወይም ሰፈሩ ፈርሶበት ከዚህ ወጥቷል። አንዳንዱም አሜሪካ ነው፣ አንዳንዱ እስራኤል፣ አንዳንዱ ዓረብ አገር። መዋጮውን ግን አላቋረጠም። ጡሩምባ ደግሞ ዋሽንግተን አይደርስም።

በዚህ ምክንያት በ1999 ዓ.ም. ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛን። በውስጡ አውትሉክ 2003 የሚባለው የኢሜይል መላኪያ ነበረበት። ኢሜይል ያላቸውን አባላትና ልጆቻቸውን አድራሻ ከመዝገብ እያየሁ በሌባ ጣቴ አንድ በአንድ መጻፍ ጀመርኩ። በሁለት ምሽት አሥራ አንድ ሰው ብቻ አስገባሁ፤ ከአሥራ አንዱም ሦስቱን ተሳስቻለሁ። ያን ጊዜ የአንድ አባላችን ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ነበር፣ መጥቶ አየኝና «ጋሼ፣ እርስዎ ኤክሴል ላይ በሠንጠረዥ ያድርጉልኝ እንጂ፤ መዝገቡ ውስጥ የሚያስገባውን እኔ በፕሮግራም እሠራዋለሁ» አለኝ። እውነትም ሠራው።

እንዴት እንደሠራው ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም በኋላ የደረሰብን ነገር ከዚህ የመጣ ነው። ልጁ የተጠቀመበት ሲ.ዲ.ኦ. 1.21 የሚባል የማይክሮሶፍት ላይብረሪ ነው። ላይብረሪ ስል የመጻሕፍት ቤት አይምሰላችሁ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉን ከሥሩ እንዳይጀምር ሌሎች ቀድመው ያዘጋጁት የትእዛዝ ክምችት ነው። እኛስ ልቅሶ በተነሣ ቁጥር ሸራ እንሰፋለን እንዴ? ከዕቃ ቤት አውጥተን ድንኳኑን እንተክላለን እንጂ። እንደዚያ ማለት ነው።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሴሽን የሚባለውን ይከፍታል፤ ይህ ወደ መዝገብ ቤቱ ገብቶ መብራት እንደ ማብራት ነው። ቀጥሎ ሎግኦን ይላል፤ ይኸውም ማን እንደገባ ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ አድረስ ሊስትስ ከሚባሉት መዛግብት መካከል የግሉን የአድራሻ መዝገብ መርጦ ያወጣል። የመዝገቡ መስመሮች አድረስ ኢንትሪስ ይባላሉ። እዚያ ላይ አድ የሚለው ትእዛዝ አንድ አዲስ መስመር ይከፍትና ሦስት ነገር ይቀበላል፦ የአድራሻውን ዓይነት፣ የሰውየውን ስምና አድራሻውን። ዓይነቱ ለተለመደው ኢሜይል ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. ነው። በመጨረሻ አፕዴት የሚል ትእዛዝ ይመጣል፤ ያን ጊዜ መስመሩ ይጸናል።

ልጁ በመጀመሪያው ሙከራ ይህችን አፕዴት የምትባለውን ረሳት። ኮምፒውተሩ ሥራውን ሠርቶ ጨረሰ፤ ስሕተት አለብህም አላለም። መዝገቡ ሲከፈት ግን ባዶ። ልጁ ደነገጠ፣ እኔ ግን ሳቅሁ፤ ነገሩን አውቀዋለሁና። በኛም ቤት ደብዳቤ በሚያምር ጽሕፈት ተጽፎ፣ ሳይፈረምበትና ማኅተም ሳያርፍበት መሳቢያ ውስጥ ከቀረ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ችግር የፊደላችን ነበር። ስማችንን በግእዝ ፊደል ጽፈን ብንሰጠው የጥያቄ ምልክት ደርድሮ መለሰልን። የአቶ እገሌም የወይዘሮ እገሊትም ስም አንድ ዓይነት ጥያቄ ምልክት ሆነ። ምክንያቱ ላይብረሪው የድሮ መሆኑ ነው። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ የቁጥር ሥርዓት የሚያስቀምጠው ዩኒኮድ የኛን ፊደል የተቀበለው በሦስተኛው እትሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም የኛን ፊደል ከነቁልፍ ሰሌዳው ይዞ የመጣው ቪስታ የተባለው ሲወጣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። ሲ.ዲ.ኦ. ግን ከዚያ በፊት በነበረው ጠባብ አሠራር የተቀረጸ ስለሆነ ፊደላችንን አላወቀውም። ምርጫ ስላልነበረን ሁሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፍን። ከዚያ ወዲያ ምን ልበላችሁ! ኃይሉ የሚለውን ስም አንዱ በአይ፣ ሌላው በዋይ፣ ሦስተኛው በሁለት ኤል ይጽፈዋል። ሰው ለመፈለግ ሦስት ጊዜ መሞከር ልማድ ሆነብን።

ፕሮግራሙ መዝገቡን በነካ ቁጥር ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል፤ አንድ ፕሮግራም አድራሻዎችህን ሊያይ ነውና ትፈቅዳለህ ወይስ ትከለክላለህ የሚል። ብትፈቅድም ከአንድ ደቂቃ እስከ አሥር ደቂቃ ድረስ ብቻ ነው። እኔ በመጀመሪያ ይህ ነገር አሰልቺ መስሎኝ ነበር። ታሪኩን ስሰማ ግን አመሰገንኩት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 ሜሊሳ የሚባል ቫይረስ ተነሥቶ በደብዳቤ ጽሑፍ ውስጥ ተሸሽጎ እየገባ፣ ከተጠቂው የአድራሻ መዝገብ የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ አድራሻዎች እየወሰደ በተጠቂው ስም ራሱን ይልክ ነበር። በዓመቱ በግንቦት 2000 ደግሞ ከፊሊፒንስ የተነሣው እወድሃለሁ የሚል ርእስ የያዘው መጣ፤ እሱ ሃምሳም አልበቃውም፣ በመዝገቡ ላለው ሁሉ ነው የላከው። ሰዎች የከፈቱት ከሚያውቁት ሰው የመጣ ስለመሰላቸው ነው። ማይክሮሶፍትም ይህን ማስጠንቀቂያ ያበጀው ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት ነው። ዛሬም ቢሆን የኛ ዝርዝር ከእጃችን ቢወጣ፣ የማን እናት እንደታመመች የሚያውቅ አንድ አጭበርባሪ በእድሩ ስም ደውሎ በቴሌብር ገንዘብ አስገቡ ቢል፣ ከመካከላችን ስንቱ ሳያስገባ ይቀራል? ስለዚህ ዝርዝሩን በቴሌግራም ላክልን እያላችሁ የምትጠይቁኝ ወንድሞች፣ አልልክም ስላችሁ አትቀየሙኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህን ለመናገር ከብዶኝ ነበር፤ ግን ኮሚቴው ይነገር ስላለ እናገራለሁ።

የወረቀት መዝገባችንን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ አድራሻ ካለ በኋላ በስተመጨረሻ ምርመራ የሚል ዓምድ አለው። እዚያ ላይ ነበር ውጭ አገር ላሉት ልጆችና ዘመዶች መርዶ በማን በኩል እንዲነገር አባላት ያስጻፉት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለናንተ ማስተማር አይገባኝም። ማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎችና የቅርብ ወዳጆች ተሰብስበው፣ የሚደግፍ ሰው ከጎኑ ሆኖ ነው። ውጭ አገር ያሉትም ይህንኑ ይዘው፣ ወዳጅ ለወዳጅ ተደዋውሎ፣ እረፍቱን ጠብቆ ቤቱ ይሄዱበታል። ሥራ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም።

እንግዲህ ሠንጠረዡን ኤክሴል ላይ ስሠራ ልጁን «የምርመራውን ዓምድ የት ላድርገው?» ብዬ ጠየቅሁት። አድ የሚለው ትእዛዝ ሦስት ነገር ብቻ ስለሚወስድ ለሱ ቦታ እንደሌለው ነገረኝ፤ ጨምሮም «ጋሼ፣ ሌላ ዘዴ መፈለግ ይቻላል፤ ጊዜ ይስጡኝ» አለኝ። ፈተና ደርሶበት ነበር። እኔም «ግዴለም፣ ይቅር፤ ምርመራውን እኔ ከመዝገብ እያየሁ እልካለሁ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁም አላለም፣ ማሽኑም አላለም።

ለብዙ ዓመትም እንዳልኩት አደረግሁ። ሰው ባረፈ ቁጥር መዝገቡን ገልጬ፣ የሟችን ቤተሰብ ከሚላክላቸው ሰዎች ውስጥ አውጥቼ፣ መጀመሪያ ለመርዶ ነጋሪው ደውዬ ነው ለሌላው የምልከው። በ2009 ዓ.ም. ግን እኅቴ ታማ ለሳምንት ያህል ገጠር ሄድኩ። በዚያው ሳምንት አንድ ነባር አባላችን ዐረፉ። ምክትሌ፣ ታታሪ ሰው ነው፣ ቀብሩ እንዳያልፍ ብሎ ኮምፒውተሩን ከፈተና ለሁሉም የሚለውን መርጦ ላከ። በዚያ ለሁሉም በሚለው ውስጥ የሟች ሴት ልጅ ነበረች፤ ስለ አባቷ መዋጮ የምትልክ እሷ ስለሆነች ነው የተመዘገበችው። አሜሪካ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆና ሥራ ላይ ነበረች። የአባቷን ሞት ቆማ፣ ከስልኳ ላይ፣ ከቀብር ሰዓትና ከድንኳን ቦታ ጋር አብራ አነበበች።

ለአርባው መጣች። ከአክስቷ ጋር ሆና ቤቴ ድረስ ነው የመጣችው። ሻይ እንኳ ሳይቀርብ «ጋሼ፣ አባባ ሲመዘገቡ አብሬያቸው ነበርኩ። ለሷ በአክስቷ በኩል ይነገራት ብለው ሲያስጽፉ ሰምቻለሁ» አለችኝ። መዝገቡን አወጣሁ። በራሴ እጅ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ ቀለም፣ የአክስቲቱ ስምና ስልክ ተጽፎ አለ። ከጎኑም የአባቷ ፊርማ። እሷም ጣቷን ፊርማው ላይ አድርጋ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ምክትሌ በዚህ ነገር እስካሁን ይጸጸታል። በዚህ ጉባኤ ፊት ግን ልናገርለት እወዳለሁ፤ ያየው መዝገብ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር እንዴት ያውቃል? ፕሮግራሙም ከተሰጠው በላይ አልጻፈም። አንድ ዓምድ በኔ ጭንቅላት ውስጥ እንዲኖር የፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ገጠር ስሄድ ዓምዱም አብሮኝ ሄደ።

ይህ እንዲህ እያለ በ2015 ዓ.ም. ያ አሮጌ ኮምፒውተር ጨርሶ ተበላሸ። ደግነቱ የወረቀቱ መዝገብ ነበረ፤ በየዓመቱም ዝርዝሩን እያተምኩ አስቀምጥ ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ተገዛ፣ የልጁም ፕሮግራም በፍላሽ ተገልብጦ ነበርና ሲሞከር እንቢ አለ። ልጁ ዛሬ ራሱ ባሕር ማዶ ነው፤ በስልክ ብንጠይቀው ሳቀና ነገሩን አስረዳን። ሲ.ዲ.ኦ. 1.21 ከአውትሉክ 2007 ጀምሮ ከፕሮግራሙ ጋር መምጣቱ ቀርቶ ለብቻው የሚወርድ ሆነ፤ ከአውትሉክ 2010 ወዲህ ደግሞ ጨርሶ ድጋፍ የለውም። ያ የግል የአድራሻ መዝገብ የሚባለውም ራሱ በ2007ቱ እትም ቀርቷል። ስለዚህ ትእዛዙ ቢኖር እንኳ የሚጽፍበት መዝገብ የለም ማለት ነው።

በኮሚቴው ውስጥ አንዳንድ ወንድሞች አሮጌ ኮምፒውተር ከነአሮጌ አውትሉኩ ፈልገን ገዝተን ያንኑ ፕሮግራም እናስኪደው ብለው ነበር። ወጪው ትንሽ ነው፤ አሳባቸውም ክፉ አይደለም። እኔ ግን የተቃወምኩት ስለ ወጪው አይደለም። ያ መዝገብ ፊደላችንን አያውቅም፣ የምርመራ ዓምድም የለውም። ድንኳኑ ካረጀና ከተቀደደ፣ የሚሰፋበትን ያንኑ ዓይነት ሸራ ፍለጋ አገር ለምን እንዞራለን?

አሁን የተጀመረው ሥራ እንደሚከተለው ነው። የአንዷ አባላችን ልጅ፣ በሙያዋ የኮምፒውተር ሰው ናት፣ ዝርዝሩን ቪካርድ በሚባለው መልክ ታዘጋጅልናለች። ቪካርድ የአድራሻ ካርድ ነው፤ አፕል፣ ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ.፣ አይ.ቢ.ኤም.ና ሲመንስ ተባብረው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት ሲሆን፣ ሦስተኛው እትም በ1998፣ አራተኛው በ2011 ወጥቷል። እኔን ደስ ያሰኘኝ ነገር የማንም ኩባንያ ላይብረሪ ሳያስፈልግ ተራ ጽሑፍ መሆኑ ነው። ቢጊን ብሎ ይጀምራል፣ ኤንድ ብሎ ይጨርሳል፤ በመካከሉ አንድ መስመር ለሙሉ ስም፣ አንድ ለስልክ፣ አንድ ለኢሜይል፣ አንድም ለማስታወሻ አለው። በፊደላችንም ይጽፋል። ከፍቼ በዓይኔ አነብበዋለሁ፤ ከወረቀቱ መዝገብ ጎን አድርጌ መስመር በመስመር አስተያየዋለሁ። አውትሉክም፣ የኪስ ስልካችንም ይቀበለዋል።

በአራተኛው እትም ሪሌትድ የሚባል መስመር አለ፤ ለሰውየው ማን ምኑ እንደሆነ፣ በአስቸኳይ ጊዜም ማን እንደሚጠራ የሚጻፍበት። ይህ የኛ መርዶ ነጋሪ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ልጅቷ ግን ሁሉ ስልክ ይህን መስመር አያሳይም አለችን። ስለዚህ በማስታወሻው ላይ ይደገማል፤ ከዚያም በላይ ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ፣ መርዶ በአክስት በኩል፣ መርዶ በጎረቤት በኩል ተብሎ ይጻፋል። ስሙን የከፈተ ሰው ሁሉ፣ እኔም ልኑር አልኑር፣ ሳያየው አያልፍም። ስምን እንዲህ ማንዘላዘል አያምርም ያላችሁኝ አላችሁ፤ አያምርም፤ እኔ ግን ይሻለኛል።

ስለ ስምም አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ፕሮግራሞች ስም ሲቀበሉ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ነው ብለው ይይዛሉ፤ አውትሉክማ በዚያው መሠረት ነው በተራ የሚያስቀምጠው። በኛ አገር ደግሞ የመጨረሻው የአባት ወይም የአያት ስም ስለሆነ፣ ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጅ በአባቱ ሲሰለፉ አንድ ቤት ሦስት ቦታ ይበተናል። ገብረ መድኅን ወይም ወልደ ገብርኤል የሚባል አባልማ ግማሽ ስሙ ወዲያ፣ ግማሹ ወዲህ ይሄድበታል። ስለዚህ ሙሉው ስም ሳይከፈል በአንድ መስመር እንዲገባና ቤተሰቡን የሚያገናኘው የእድር ቁጥሩ እንዲሆን ወስነናል። የእድር ቁጥራችሁን የረሳችሁ ደብተራችሁን ተመልከቱ።

ስልክንም በሚመለከት፣ ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ ስለሚያስብ የመጀመሪያዋን ዜሮ ይጥላታል፤ 0911 የነበረው 911 ሆኖ ይቀራል። ዓምዱ አስቀድሞ ጽሑፍ ነው ተብሎ መታዘዝ አለበት። ከውጭ የሚደውሉም ስላሉ ሁሉም ቁጥር ዜሮው ወጥቶ በፕላስ 251 እንዲጀምር ተደርጓል። በ07 የሚጀምር አዲስ ቁጥር ያወጣችሁና ያላስታወቃችሁ ብዙ ናችሁ፤ ከመዝገቡ ላይ ያለው የድሮው ነው።

ኮሚቴው ጉባኤውን የሚጠይቀው እያንዳንዱ አባል የራሱን መስመር አይቶ እንዲፈርም ነው። ከ212ቱ አባላት እስከ ትናንት የፈረሙት 94 ናቸው። ውጭ አገር ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ ደግሞ የምርመራውን ዓምድ ባዶ አትተዉብኝ። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ያስጻፋችሁት መርዶ ነጋሪ ዛሬ ራሱ ዐርፎ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከልጃችሁ ተራርቆ ሌላ ከተማ ገብቶ ይሆናል። ስትታረሙ ያንን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ሳያውቅ ስሙ ተጽፎ የተገኘ ሰው አለ። ነገሩን የሚጠሉ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ሞቴን በቁሜ አታስጽፉኝ ብለው ቤት ድረስ ሄጄ የመለሱኝ አሉ። እኔ ግን የራሴን ሞልቻለሁ፤ ልጄ ዱባይ ናት፣ በማን በኩል እንደሚነገራት ለሷም ለሚነግራትም አስታውቄአለሁ። ስንነጋገር ትንሽ አለቀስን፣ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ዝርዝሩ በገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ አጠገብ ነው፤ እስከ ሚቀጥለው ወር ስብሰባ ድረስ በየእሑዱ እዚያው እቀመጣለሁ። መነጽር የረሳ ቢኖር እኔ አነብለታለሁ። ያልተፈረመበት መስመር ለጊዜው ወደ ኮምፒውተሩ አይገባም፤ በወረቀቱ መዝገብ ይቆያል፣ ለእነዚያም እንደ ዱሮው በስልክ እየደወልኩ አስታውቃለሁ።